ሙቀት ፕሮቲንን ሲፈታ፦ በወተት፣ በገብስ ዘር፣ በብቅልና በክትባት አያያዝ ላይ ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

መግቢያ



በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ዙሪያ የሚገኝ አርሶ አደር ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ከሙቀት ጋር ይሠራል። ወተት ያፈላል፣ አሬራ አሙቆ አይብ ያወጣል፣ ብቅል ያደርቃል፣ ዘር ያሰጣል፣ ባቄላ ይቀቅላል፣ በጎቹን ያስከትባል። እነዚህ ሥራዎች የተለያዩ ቢመስሉም በሁሉም ውስጥ አንድ ዓይነት ለውጥ አለ። ፕሮቲን የሚባለው ነገር ሙቀት ሲበዛበት ቅርጹን ያጣል፤ ቅርጹን ሲያጣ ደግሞ ሥራውን ያቆማል።

ይህ ለውጥ ጥቅም የሚሰጥበት ጊዜ አለ። አይብ የሚወጣውና የወተት ተሕዋስያን የሚሞቱት በዚህ ለውጥ ነው። ኪሳራ የሚያመጣበት ጊዜም አለ። የተዘራ ገብስ ሳይበቅል ሲቀር፣ ጠላ ኃይል ሲያጣ፣ እንገር የጠጣ ጥጃ ሲታመም፣ የተከተበ በግ በዚያው በሽታ ሲሞት አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። ችግሩ ኪሳራው ወዲያው በዓይን አለመታየቱ ነው። በሙቀት የሞተ ዘር ከደህናው ዘር ጋር አንድ ይመስላል። ሙቀት የመታው ክትባትም ብልቃጡ ውስጥ እንደ ደህናው ሆኖ ሊታይ ይችላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ማሳው ባዶ ሲሆን ወይም በሽታው ሲገባ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዘግይቷል።

ይህን ሥልጠና ሲያጠናቅቁ፦
• ፕሮቲን በሙቀት የሚፈታበትንና የሚረጋበትን ምክንያት ለተከታይ አርሶ አደሮችዎ ማስረዳት፣
• የትኛውን ነገር ማሞቅ፣ የትኛውን ከሙቀት መጠበቅ እንደሚገባ መለየት፣
• በቤትዎና በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ቀላል ሙከራዎችን ማሳየት ይችላሉ።

1. ፕሮቲንና ኢንዛይም ምንድን ናቸው?

ፕሮቲን በሥጋ፣ በወተት፣ በእንቁላል፣ በጥራጥሬና በእህል ውስጥ የሚገኝ ገንቢ ንጥረ ነገር መሆኑን ከዚህ በፊት ተምረዋል። ፕሮቲን ግን ምግብ ብቻ አይደለም። በእንስሳ፣ በተክልና በዓይን በማይታዩ ተሕዋስያን ውስጥ ሥራ የሚሠራውም እሱ ነው። ሥራ ከሚሠሩት ፕሮቲኖች መካከል አንድን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጡት ኢንዛይም ይባላሉ። በበቀለ ገብስ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም ነው። በጥጃ ሆድ ውስጥ ወተትን የሚያረጋውም ኢንዛይም ነው። በሽታን የሚከላከሉት አንቲቦዲ የሚባሉትም ፕሮቲኖች ናቸው።

ፕሮቲን በጣም ረጅምና ቀጭን ክር ይመስላል። ይህ ክር ግን ተዘርግቶ አይቀመጥም። በእንዝርት ተፈትሎ እንደ ተጠቀለለ ልቃቂት፣ እያንዳንዱ ፕሮቲን በራሱ ልክ ይጠቀለላል። ሥራውን የሚሠራው በዚህ ቅርጹ ነው። ቁልፍ የራሱን ጓጉንቸር የሚከፍተው ጥርሱ በትክክል ስለተቀረጸ ነው፤ ኢንዛይምም እንዲሁ ከሚለውጠው ነገር ጋር የሚገጥመው ቅርጹ ሲጠበቅ ብቻ ነው።

ክሩን ጠቅልለው የያዙት ማሰሪያዎች ደካሞች ናቸው። ብዙ ስለሆኑ በአንድነት ይይዛሉ እንጂ እያንዳንዱ በቀላሉ ይላቀቃል። ሌላም ነገር አለ። ከክሩ ክፍሎች አንዳንዶቹ ውሃ ይወዳሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ እንደ ቅቤ ከውሃ ይሸሻሉ። ልቃቂቱ ሲጠቀለል ውሃ የሚሸሹት ክፍሎች ወደ ውስጥ ይደበቃሉ፣ ውሃ የሚወዱት ወደ ውጭ ይሆናሉ። ብዙ ፕሮቲኖች በወተት ወይም በእንቁላል ፈሳሽ ውስጥ ሳይጣበቁ ተበታትነው የሚኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

2. ሙቀት ሲጨምር ምን ይሆናል?

ለውጡ በሦስት ደረጃ ይካሄዳል።

አንደኛ፣ ይነቃነቃል። ሙቀት ማለት የጥቃቅን ነገሮች እንቅስቃሴ ነው። ሙቀት ሲጨምር ክሩም ይንቀጠቀጣል። በዚህ ደረጃ ኢንዛይም ይበልጥ ይፈጥናል። እርጎ በብርድ ቤት ዘግይቶ፣ በሞቀ ቤት ቶሎ የሚረጋው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ይፈታል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ማሰሪያዎቹ ይላቀቁና ልቃቂቱ ይፈታል። ክሩ አልተበጠሰም፤ ቅርጹ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል።

ሦስተኛ፣ ይጣበቃል። ክሩ ሲፈታ ተደብቀው የነበሩት ውሃ የሚሸሹ ክፍሎች ወደ ውጭ ይወጣሉ። ከውሃ ለመሸሽ ከሌላው የተፈታ ክር ጋር ይያያዛሉ። እርጎ ሲናጥ የቅቤ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው እየተሰባሰቡ እንደሚተልቁ ሁሉ፣ የተፈቱት ክሮችም ተጠላልፈው ይከማቻሉ። ፈሳሹ ይነጣል፣ ይወፍራል፣ ይረጋል።

የእንቁላል ነጩ ክፍል ይህን በግልጽ ያሳያል። ጥሬው ብርሃን ያሳልፋል፣ ይፈሳል። ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ጥቂት አለፍ ሲል መንጣትና መርጋት ይጀምራል። የተቀቀለውን እንቁላል መልሰው ቢያቀዘቅዙት ግን ወደ ጥሬነቱ አይመለስም። የተጠላለፉት ክሮች በራሳቸው ተፈትተው እንደገና በልካቸው ሊጠቀለሉ አይችሉም። የዚህ ሥልጠና ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፦ ሙቀት ያበላሸውን ፕሮቲን ብርድ አይመልሰውም።

ልብ ይበሉ! የጉዳቱን መጠን የሚወስኑ ሦስት ነገሮች አሉ።
• የሙቀቱ መጠን፦ እያንዳንዱ ፕሮቲን የራሱ ወሰን አለው። ብዙዎቹ ከ50 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይፈታሉ።
• የቆየበት ጊዜ፦ መካከለኛ ሙቀት ረጅም ጊዜ ቢቆይ ከፍተኛ ሙቀት በአጭር ጊዜ የሚያደርሰውን ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።
• እርጥበት፦ እርጥብ ነገር ውስጥ ያለ ፕሮቲን በቀላሉ ይፈታል። የደረቀው ሙቀትን የበለጠ ይችላል። ክሩ ለመፈታት የሚያስፈልገውን እንቅስቃሴ የሚያገኘው ከውሃ ነውና።

ጨውና አሲድም ያግዛሉ። በተለይ የኮመጠጠ ነገር ውስጥ ፕሮቲን በአነስተኛ ሙቀት ይረጋል። ይህን በወተቱ ክፍል እንመለከተዋለን።

3. ወተት

3.1 እንገር ለጥጃ

ላም በወለደች በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትሰጠው እንገር ከተራ ወተት ብዙ እጥፍ አንቲቦዲ ይዟል። ጥጃ ሲወለድ የራሱ መከላከያ የለውም። የእናቱን አንቲቦዲ በአንጀቱ በኩል የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ሰዓቱ በጨመረ ቁጥር የመቀበል አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥጃው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት፣ ቢዘገይ ከ6 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ እንገር ይጠጣ። በመጀመሪያው ቀን በጠቅላላው የክብደቱን 10 በመቶ ያህል ማግኘት አለበት። 30 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ ይህ ወደ 3 ሊትር ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተከፋፍሎ ይሰጥ።

ትርፍ እንገር ተቀቅሎ ሲበላ እንደ አይብ መርጋቱን ያውቃሉ። ተራ ወተት ግን ሲፈላ አይረጋም። ልዩነቱ ከፕሮቲኑ ዓይነት የመጣ ነው። በተራ ወተት ውስጥ የሚበዛው ኬዚን የሚባል ሙቀትን የሚችል ፕሮቲን ነው። በእንገር ውስጥ ግን አንቲቦዲና ሌሎች በሙቀት የሚፈቱ ፕሮቲኖች ይበዛሉ። እነሱ ሲፈቱ ድስቱ በሙሉ ይረጋል። ከዚህ በኋላ እንገሩ ምግብ ነው፤ መከላከያ ግን አይደለም።

ስለዚህ፦
• ለጥጃ የሚሰጥ እንገር አይፈላም፣ በቀጥታ እሳት ላይም አይጣድም።
• የቀዘቀዘ እንገር ማሞቅ ካስፈለገ ዕቃውን በሞቀ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ቀስ ብለው ያሙቁ። ውሃው እጅዎን ሳያቃጥል የሚያስገቡት ይሁን። እጅ ሊቋቋመው የማይችል ውሃ ብዙውን ጊዜ ከ50 ዲግሪ አካባቢ ያለፈ ነው።
• ጥጃው የሚጠጣው እንደ እናቱ ሰውነት ሙቀት፣ 38 እስከ 39 ዲግሪ ሲሆን ነው።

የደብረ ብርሃን ሌሊት ብርድ ነውና እንገሩን ለማሞቅ መጣደፍ ሊኖር ይችላል። በዚህ ጊዜ መጣደፍ ጥጃውን ሊያሳጣ እንደሚችል ለቤተሰቡ ሁሉ ያስረዱ።

3.2 ወተት ማፍላት

በጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና የውርጃ በሽታ (ብሩሴሎሲስ) ከላም ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ። ሙቀት እነዚህን ተሕዋስያን የሚገድላቸው የራሳቸውን ኢንዛይሞችና ፕሮቲኖች ስለሚፈታ ነው። የወተት ማቀነባበሪያዎች ወተትን በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ያሞቁታል። ሙቀቱ ሲጨምር የሚያስፈልገው ጊዜ ምን ያህል እንደሚያጥር ያስተውሉ።

ወተቱ በበቂ መሞቁን ለማረጋገጥ የሚጠቀሙበት ዘዴም ከኢንዛይም ጋር የተያያዘ ነው። በጥሬ ወተት ውስጥ ፎስፋታዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ይህ ኢንዛይም የሚጠፋው አደገኛ ተሕዋስያን ከሚሞቱበት ሙቀት ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ነው። ስለዚህ በተመረመረው ወተት ውስጥ ኢንዛይሙ ከጠፋ ተሕዋስያኑም መሞታቸው ይታወቃል።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለወተት ይህ በቂ ነው፤ ከ72 ዲግሪ ብዙ ይበልጣልና። ወተቱ ገንፍሎ ሲነሳ፣ እያማሰሉ ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት። ከላይ የሚታየው ስስ ሽፋንና ከድስቱ ሥር የሚጣበቀው ነገር የተፈታ የወተት ፕሮቲንን የያዘ ነው።

ከፈላ ወተት እርጎ ማርጋት ከፈለጉ መጀመሪያ ወተቱ ለብ እስኪል ያብርዱት። እርሾው ሕይወት ያላቸው ተሕዋስያን የያዘ ስለሆነ በትኩስ ወተት ላይ ከጨመሩት ይሞታል፤ ወተቱም አይረጋም።

3.3 ሲፈላ የሚቆራረስ ወተትና አይብ

ወደ ኮመጠጠነት የሄደ ወተት ሲፈላ ይቆራረሳል። አሲዱ የወተቱን ፕሮቲኖች ተገፋፍተው እንዳይራራቁ አድርጓቸዋል፤ ሙቀቱ ሲጨመር ይጣበቃሉ። የወተት መሰብሰቢያ ማዕከል ወተትዎን በአልኮል ወይም በማፍላት ሲፈትን የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ወተቱ ከረጋ አሲዱ በዝቷል ማለት ነውና አይረከብም። የማታውን ወተት ከጠዋቱ ጋር ሳይፈትሹ አይቀላቅሉ። ጥቂት የኮመጠጠ ወተት ደህናውን ሁሉ ሊያስመልስ ይችላል።

በአይብ ሥራ ግን ይኸው ለውጥ ይፈለጋል። ቅቤ ከወጣ በኋላ የቀረው አሬራ ኮምጣጣ ስለሆነ መፍላት አያስፈልገውም። ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ቀስ ብሎ ሲሞቅ ፕሮቲኑ ተሰብስቦ ከአጓቱ ይለያል። ኃይለኛ እሳት አይቡን ያደርቀዋል፣ የማረር ጣዕምም ይሰጠዋል፤ ማገዶም ያባክናል። በዝቅተኛ እሳት ያሙቁ፣ አያማስሉ፣ ከረጋ በኋላ አብርደው ያጥልሉ።

4. ገብስ፦ ዘርና ብቅል

4.1 ዘርን ከሙቀት መጠበቅ

የገብስ ፍሬ ደረቅ ሆኖ ሲታይ የሞተ ቢመስልም በውስጡ ያለው ፅንስ ሕያው ነው። ውሃ ሲያገኝ ሥራ የሚጀምሩ ፕሮቲኖች በውስጡ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። እነሱ ከተፈቱ ዘሩ በልቶ ለማደር ይሆናል እንጂ ለመዝራት አይሆንም።

በአካባቢያችን ሦስት አደጋዎች አሉ።

የመጀመሪያው የክምር ሙቀት ነው። የበልግ ገብስ የሚሰበሰበው የክረምቱ ዝናብ በሚገባበት ጊዜ ስለሆነ ብዙ ጊዜ እርጥበት ይዞ ይከመራል ወይም ይከማቻል። እርጥብ እህል ይተነፍሳል፣ ሻጋታም ይበቅልበታል፤ ሁለቱም ሙቀት ያወጣሉ። ሙቀቱ በክምሩ ውስጥ ይታፈናል። ቀደም ብለን እንዳየነው እርጥበትና ረጅም ጊዜ ሲገናኙ መካከለኛ ሙቀትም ይገድላል። ብረት ወይም እንጨት በክምሩ መሐል ወግተው ጥቂት ያቆዩና አውጥተው በእጅዎ ይዳስሱ። ከሞቀ ሳይውል ሳያድር ይበትኑትና ያናፍሱት።

ሁለተኛው በችኮላ ማድረቅ ነው። እርጥብ ዘርን ከምድጃ አጠገብ ወይም በጋለ ቆርቆሮ ላይ ማስጣት ፅንሱን ይጎዳል። ለዘርና ለቢራ ገብስ የሚያስፈልገው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ብዙም ያላለፈ ነው። በምንጣፍ ወይም በሸራ ላይ ስስ አድርገው ያስጡ፣ ቶሎ ቶሎ ያገላብጡ። ነፋስ ከእሳት ይሻላል።

ሦስተኛው ሳይደርቅ ማስገባት ነው። ወደ ጎተራ ወይም ወደ ከረጢት የሚገባ ዘር እርጥበቱ ከ12 እስከ 13 በመቶ ያልበለጠ ይሁን። አየር የማያስገባ ከረጢት የሚጠቀሙ ከሆነ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የብቅለት ፍተሻ፦ 100 ፍሬ ሳይመርጡ ይቁጠሩ። በእርጥብ ጨርቅ ላይ በ4 ረድፍ 25 25 አድርገው ይደርድሩ፣ ጠቅልለው ብርድ በማያገኘው ቦታ ለ7 ቀን ያቆዩ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ። የበቀሉትን ይቁጠሩ። ለዘር ከ85 በታች ከሆነ ሳይዘሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኛዎን ያማክሩ። አዲስ የተሰበሰበ ገብስ ለጥቂት ሳምንታት ሊያንቀላፋ እንደሚችል ግን አይርሱ። ያንቀላፋው ፍሬ ጠንካራና ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። የሞተው ይለሰልሳል፣ ይሻግታል። ጥርጣሬ ካለዎት ከሳምንታት በኋላ ፍተሻውን ይድገሙት።

ለቢራ ገብስ አቅራቢዎች ጉዳዩ የገበያ ነው። በደብረ ብርሃን የዳሸንና የሐበሻ ቢራ ፋብሪካዎች አሉ። ብቅል አምራች የማይበቅል ገብስ ምንም አያደርግለትም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ብቅለት ይጠይቃል። ፍሬው ወፍራምና ጽዱ ሆኖ በክምር ሙቀት ፅንሱ ከተጎዳ የዓመት ልፋትዎ በምግብ ገብስ ዋጋ ይሸጣል።

4.2 ብቅል

ገብስ ሲበቅል አሚሌዝ የሚባሉ ኢንዛይሞችን ያዘጋጃል። ሥራቸው በፍሬው ውስጥ የተከማቸውን ስታርች ቆራርጦ ለቡቃያው ስኳር መስጠት ነው። ብቅል ስንሠራ ቡቃያውን አስጀምረን፣ ኢንዛይሙ ሲዘጋጅ በማድረቅ እናቆመዋለን። የምንፈልገው እህሉን ብቻ ሳይሆን ኢንዛይሙን ነው።

አሚሌዞቹ በሁለት ይከፈላሉ። ቤታ አሚሌዝ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ አካባቢ በደንብ ይሠራል፤ 70 ሲያልፍ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈታል። አልፋ አሚሌዝ ጥቂት ጠንከር ይላል፤ በ70 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። የፈላ ውሃ ግን ሁለቱንም ያጠፋል። ቢራ ፋብሪካ የተፈጨውን ብቅል በሞቀ ውሃ ይዞ ስኳሩ እስኪወጣ የሚጠብቀው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የሚያፈላው በዚህ ምክንያት ነው።

የእናቶቻችን የጠላ አሠራር ይህንኑ ሥርዓት ይዟል። ለጠላ የሚሆነው ገብስ ይቆላል፣ ቂጣው ይጋገራል፤ ብቅሉ ግን አይቆላም። የተቆላው አሻሮና የተጋገረው ቂጣ ስታርች ያቀርባሉ፤ በውስጣቸው የነበረው ኢንዛይም ግን በእሳቱ ተፈትቷል። ያልተቆላው ብቅል የራሱን ኢንዛይም ይዞ ይገባና ስታርቹን ለሁሉም ወደ ስኳር ይለውጣል። እርሾው ከዚያ በኋላ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ለአረቄም ሥርዓቱ ያው ነው።

ስለዚህ፦
• ብቅልን በስስ አስጥተው በፀሐይና በነፋስ ያድርቁ። እርጥብ ብቅልን በእሳት ዳር አያድርቁ፤ እርጥብ ኢንዛይም ቶሎ ይፈታልና።
• የብቅል ዱቄትን በፈላ ውሃ ወይም ከምጣድ በወጣ ትኩስ ቂጣ ላይ አይጨምሩ። እጅ እስኪችለው ይጠብቁ።
• ወፍጮ ቤት የጋለ ዱቄት በጆንያ ታፍኖ አይደር፤ አናፍሰው ያብርዱት።

ሙከራ ለቡድንዎ፦ አንድ ዓይነት ወፍራም የገብስ ገንፎ በሁለት ሳህን ያቅርቡ። ሁለቱም እጅ እስኪችላቸው ይብረዱ። በአንዱ አንድ ማንኪያ ያልተቆላ ብቅል ዱቄት፣ በሌላው በደንብ ተቆልቶ የተፈጨ ብቅል አንድ ማንኪያ ይጨምሩና ያማስሉ። ሙቀታቸውን እንዲጠብቁ ሸፍነው ግማሽ ሰዓት ያቆዩ። የመጀመሪያው ይቀጥናል፣ ይጣፍጣል። ሁለተኛው እንደ ወፈረ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሙቀት ብቻ ነው።

5. ጥራጥሬ፦ ሙቀት የሚረዳበትና የማይረዳበት

ባቄላ፣ አተርና ሌሎች ጥራጥሬዎች በጥሬያቸው የእኛን የምግብ መፍጫ ኢንዛይም የሚያውኩ ፕሮቲኖች አሏቸው። መቀቀልና መቁላት እነዚህን ፈትቶ ከሥራ ውጭ ያደርጋቸዋል። የጥራጥሬውን ገንቢ ፕሮቲን ግን አያጠፋውም። የተፈታ ክር በሆድ ውስጥ ለመፈጨት እንዲያውም ይቀላል።

በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላ ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። እሳት ቢጨምሩ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደርና ድስቱን በደንብ መክደን ማገዶ ይቆጥባል።

ነገር ግን እሳት ሁሉንም መርዝ ያጠፋል ማለት አይደለም። ለእግር ሽባነት የሚዳርገው የጓያ መርዝ እንደ ፕሮቲን የተጠቀለለ ክር አይደለም። በሻጋታ እህል ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲንም እንዲሁ ነው። የሚፈታ ቅርጽ ስለሌላቸው ተራ መቀቀልና መቁላት አያስወግዳቸውም። ጓያን የዘወትር ምግብ አያድርጉ፤ ከተጠቀሙም ዘፍዝፈው ውሃውን እየደፉ ከሌላ እህል ጋር ይቀላቅሉ። የሻገተ እህል ለሰውም ለከብትም አይስጡ።

6. ክትባት፦ ከክፉ ቀን እስከ አፋር

በ1880ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የከብት ደስታ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀ። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ረሃብ ተከተለ። ሸዋም አልቀረላትም። አባቶቻችን ዘመኑን "ክፉ ቀን" ብለውታል።

ለዚህ በሽታ የሚሆን ጥሩ ክትባት በኋላ ተገኘ። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነበር። ቫይረስ በፕሮቲን የተሸፈነ ስለሆነ ሙቀት ሲያገኝ ሽፋኑ ይፈታል፣ ክትባቱም ከንቱ ይሆናል። ማቀዝቀዣ በሌለበት በቆላው እስከ መጨረሻው ድረስ ማድረስ አስቸጋሪ ሆነ። ከአንኮበር ተራራ ሥር በስተምሥራቅ በሚዘረጋው በአፋር በሽታው የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር።

መፍትሔው ከላይ ባየነው መርህ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የደረቀ ፕሮቲን ሙቀትን ይበልጥ ይችላል። ተመራማሪዎች ክትባቱን ስኳር ከመሳሰሉ መከላከያዎች ጋር በጣም አድርቀው ያለ ማቀዝቀዣ ለ30 ቀናት ያህል የሚቆይ አደረጉት። ከአፋር አርብቶ አደሮች መካከል የሠለጠኑ ክትባት ሰጪዎች ከመንጋው ጋር እየተጓዙ ከተቡ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የደስታ በሽታ ወረርሽኝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ዛሬ ለበግና ፍየል የሚሰጡት ክትባቶች በአብዛኛው ይህን ያህል ሙቀት አይችሉም። በቢሾፍቱ ከሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ተነሥተው እስከ ቀበሌዎ ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት ይኖርባቸዋል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወርዱ አየሩ በፍጥነት ይሞቃል፤ በደጋ ደህና የቆየ ክትባት በዚያ መንገድ ሊበላሽ ይችላል። እርስዎ በክትባት ቀን የሚከተሉትን ያድርጉ፦
• መንጋውን ክትባቱ ከመድረሱ በፊት ሰብስበው ይጠብቁ። ክትባት ከብት አይጠብቅም።
• ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ውስጥ መምጣቱንና በጥላ ሥር መቀመጡን ይመልከቱ። ጥያቄ መጠየቅ መብትዎ ነው።
• በውሃ የተበጠበጠ ክትባት ድርቀቱ ስለጠፋ ቶሎ ይበላሻል። ባለሙያው ከወሰነው ሰዓት በላይ የቆየ አይሰጥ፤ ለነገ አይደር።
• የሞቀ ክትባትን መልሶ ማቀዝቀዝ አያድነውም።
• አንዳንድ ፈሳሽ ክትባቶች ደግሞ በረዶ ሲሆኑ ይበላሻሉ። በውርጭ ሌሊት ውጭ አይደሩ።

7. ማጠቃለያ

አንድን ነገር ከማሞቅዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ገና የሚሠራው ሥራ አለው ወይስ የለውም?

ሥራ የሚጠብቀው ከሆነ ከሙቀት ይጠብቁት። ለጥጃ የሚሰጥ እንገር፣ ዘር፣ ብቅል፣ የእርጎ እርሾና ክትባት በዚህ ውስጥ ናቸው።

ሥራው የማይፈለግ ወይም የሚጎዳ ከሆነ በበቂ ያሙቁት። ለሰው የሚጠጣ ወተት፣ እንቁላልና ጥራጥሬ በዚህ ውስጥ ናቸው።

በሁለቱም ጊዜ ሦስቱን ያስታውሱ፦ ምን ያህል ሞቀ፣ ምን ያህል ቆየ፣ ምን ያህል እርጥብ ነበር።

የቤት ሥራ፦ ከሚቀጥለው የቡድን ስብሰባ በፊት ለሚቀጥለው ወቅት ካስቀመጡት ዘር 100 ፍሬ ወስደው የብቅለት ፍተሻውን ያካሂዱ። ውጤቱን ይዘው ይምጡ። ተከታይ አርሶ አደሮችዎም የየራሳቸውን ዘር እንዲፈትሹ ያድርጉ። ከ85 በታች ያገኘ ሰው ካለ ዘር ለመለወጥ ጊዜ የሚኖረው አሁን ነው፤ ከተዘራ በኋላ ግን አይኖረውም።